ከማተሚያ ቤት እንደ ወጣ፦ ስለ መጀመሪያ እትሞች ስብስብ

የመጀመሪያ እትም መጻሕፍትን ለሚሰበስብ ሰው በተደጋጋሚ የሚቀርብለት አንድ ጥያቄ አለ። ቃሉ ያው ከሆነ፣ ርካሹና አዲሱ ቅጂ አንድም ዓረፍተ ነገር ካላጎደለ፣ እንዲያውም የፊደል ግድፈቱ ታርሞ የተሻለ ሆኖ ከወጣ፣ ገጹ የገረጣውን አሮጌ ቅጂ በብዙ እጥፍ ዋጋ መግዛት ለምን ያስፈልጋል? ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ተገቢ መልስ ሊሰጠው ይገባል። ድርሰቱ በማንኛውም ቅጂ ውስጥ ይኖራል፤ መጽሐፉ ግን በአንድ የተወሰነ ዓመት፣ በአንድ ማተሚያ ቤት፣ በዚያን ጊዜ በተገኘው ወረቀትና ቀለም፣ ብዙ ጊዜም የደራሲው የወደፊት ዕጣ ገና ባልታወቀበት ሰዓት የተሠራ ዕቃ ነው። የመጀመሪያው እትም ድርሰቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንባቢ እጅ የገባበት መልክ በመሆኑ፣ ስለዚያ ጊዜ በአካል የሚመሰክርልን እርሱ ነው። እኔ የምሰበስበው ማስረጃ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለሌላው ሰው እንግዳ የሚመስሉት የሰብሳቢዎች ልማዶች ሁሉ የሚመነጩትም ከዚሁ እምነት ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማሳየት ያህል፣ የቻርልስ ዳርዊን «የዝርያዎች አመጣጥ» በኖቬምበር 24 ቀን 1859 በ1,250 ቅጂ ታትሞ ሲወጣ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የመጽሐፉ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ሕይወት በመጀመሪያ ጥቂት ወይም አንድ ቅርጽ ላይ እንደ ተነፈሰ ይናገራል፤ ማን እንደ ተነፈሰው ግን አይገልጽም። ከሳምንታት በኋላ፣ በ1860 መጀመሪያ በወጣው ሁለተኛ እትም ላይ «በፈጣሪ» የሚል ቃል ተጨመረ። ደራሲው ዓለም ምን እንደሚል ከመስማቱ በፊት የጻፈውንና ከሰማ በኋላ የጨመረውን በዓይኑ ለማየት የሚሻ ሰው ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይኖርበታል። በመጀመሪያው እትም ገጽ 20 ላይ «ስፒሺስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አንድ ትርፍ ፊደል ተሰንቅሮበት ታትሟል፤ ሰብሳቢዎች ይህንን ግድፈት በፍቅር የሚያነሡት የቅጂውን ማንነት ስለሚያረጋግጥላቸው ነው።

«የመጀመሪያ እትም» የሚለው ስያሜ በጥንቃቄ መያዝ አለበት፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በዚህ ላይ ነውና። የብረት ፊደላት አንድ በአንድ እየተለቀሙ ለኅትመት ይደረደሩ በነበረበት በፊደል ለቀማ ዘመን እትም ማለት ከአንድ የፊደል ለቀማ የወጡ ቅጂዎች ሁሉ ነበሩ። አሳታሚው አንድ ሺህ ቅጂ አትሞ ቢጨርስና ከወራት በኋላ ያንኑ የተለቀመ ፊደል ሳይነካካ ሌላ አንድ ሺህ ቢያትም፣ ሁሉም ቅጂዎች የአንድ እትም ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ዙር ኅትመትና የሁለተኛው ዙር ኅትመት ተብለው ይለያሉ። ሰብሳቢ የመጀመሪያ እትም እፈልጋለሁ ሲል የሚፈልገው የመጀመሪያውን እትም የመጀመሪያ ዙር ኅትመት ነው። በአንድ ዙር ውስጥ እንኳ ልዩነት ሊኖር ይችላል፤ ማተሚያው እየሠራ ሳለ ስሕተት ታይቶ ከታረመ፣ ከእርማቱ በፊትና በኋላ የታተሙት ቅጂዎች ይለያያሉ፤ የጥራዙ ጨርቅ በመካከል ሲያልቅም የቀሩት ቅጂዎች በሌላ ቀለም ይጠረዛሉ። መጽሐፍ የሚሸጥ ሰው እትምን ከኅትመት ዙር ሳይለይ ቢያስተዋውቅ ሁልጊዜ ለማታለል አስቦ ነው አልልም፤ ገዢው ግን ልዩነቱን ራሱ ካላወቀ የሚከላከልለት የለም።

አገር ሲጨመርበት ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። የአሜሪካዊው ሄርማን ሜልቪል «ሞቢ ዲክ» በመጀመሪያ የወጣው በኦክቶበር 1851 ለንደን ውስጥ፣ በሌላ ርእስ፣ በሦስት ጥራዝና በ500 ቅጂ ነበር፤ በሚታወቅበት ርእስ በኒው ዮርክ የወጣው በሚቀጥለው ወር ነው። በቀን ቅደም ተከተል ለንደን ትቀድማለች፤ ይሁን እንጂ የለንደኑ እትም ከመጽሐፉ መደምደሚያ ያለውን አጭር ምዕራፍ፣ ተራኪው ከመርከቡ መስጠም እንዴት እንደ ተረፈ የሚነግረንን ክፍል አልያዘም። በዚህም የተነሣ የእንግሊዝ ሐያስያን መርከበኞቹ ሁሉ ካለቁ ታሪኩን የሚነግረን ማን ነው ብለው ደራሲውን ወቅሰውታል። የመጀመሪያው የትኛው ነው በሚለው ላይ ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ አንዳንዶች ቀኑን፣ ሌሎች የደራሲውን አገር ይከተላሉ። በእኔ አስተያየት ክርክሩን በአንዱ አሸናፊነት ለመጨረስ መቸኮል ተገቢ አይደለም፤ የሐያስያኑን ወቀሳ ለመረዳት የለንደኑን፣ ደራሲው ሊለው የፈለገውን ለማወቅ የኒው ዮርኩን ማንበብ ግድ ይላልና።

ወደ ኻያኛው ክፍለ ዘመን መጻሕፍት ስንመጣ ምርመራው የሚጀምረው ከርእስ ገጹ ጀርባ ካለው የቅጂ መብት ገጽ ነው። ብዙ አሳታሚዎች በዚያ ገጽ ግርጌ ከ1 እስከ 10 ያሉ ቁጥሮችን በአንድ መስመር ይደረድራሉ፤ ከቁጥሮቹ መካከል ትንሹ የኅትመቱን ዙር ያመለክታል። አሠራሩ ከማተሚያ ቤት ችግር የመነጨ ነው፤ ለእያንዳንዱ አዲስ ዙር አዲስ ጽሑፍ ከመልቀም ይልቅ ያለፈውን ቁጥር ከማተሚያው ሰሌዳ ላይ ፍቆ ማጥፋት ይቀላል። ስለዚህ 1 ካለ የመጀመሪያ ዙር ነው፤ 1 ጠፍቶ 2 ከቀረ ሁለተኛ ነው። ቁጥሮቹ አንዳንድ ጊዜ ከትልቅ ወደ ትንሽ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጎዶሎዎቹ በግራ፣ ሙሉዎቹ በቀኝ ሆነው ቢደረደሩም ትርጉማቸው አይለወጥም። ሆኖም ደንቡ ለሁሉም አሳታሚ አይሠራም። ራንደም ሐውስ ለብዙ ዓመታት በመጀመሪያው ዙር ላይ «የመጀመሪያ እትም» የሚል ቃል ከማስፈሩም በላይ የቁጥር መስመሩን ከ2 ይጀምር ነበር፤ ሁለተኛው ዙር ሲታተም ቃሉ ይነሣና ቁጥሩ ባለበት ይቀራል። ስክሪብነርስ ከ1930 ጀምሮ የመጀመሪያውን ዙር «ኤ» በሚል አንድ ፊደል ብቻ ያመለክት ነበር። የየአሳታሚውን ልማድ በየዘመኑ ለይቶ ማወቅ አሰልቺ ቢመስልም፣ በመጻሕፍት ክምር ፊት ሲቆሙ ከዚህ የበለጠ የሚያገለግል ዕውቀት የለም።

የመጽሐፍ ክበባት ለአባሎቻቸው ያሳተሟቸው ቅጂዎች በዚህ ረገድ ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። ከአሳታሚው ቅጂ ጋር በመልክ እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ አንዳንዶቹም የቅጂ መብት ገጹን ጽሑፍ እንዳለ ስለያዙ፣ ጀማሪ ሰብሳቢን በቀላሉ ያሳስታሉ። ወረቀታቸው ብዙውን ጊዜ ቀጭን ነው፤ በጠንካራው ጥራዝ ላይ በሚለበሰው ተነቃይ የወረቀት ሽፋናቸው ላይ ዋጋ አይታተምም፤ በኋለኛው ጠንካራ ሽፋን የታችኛው ጥግ ላይም ያለ ቀለም የተረገጠ ትንሽ ነጥብ ወይም ክብ ሊገኝ ይችላል። ጣትን በዚያ ጥግ ላይ ማስኬድ የብዙ ሰብሳቢዎች የመጀመሪያ እንቅስቃሴ የሆነው ለዚህ ነው።

ከቅጂ መብት ገጹ ቀጥሎ የሚመጡት መለያ ነጥቦች ናቸው። መለያ ነጥብ ማለት ቀደም ብሎ የታተመውን ቅጂ ዘግይቶ ከታተመው የሚለይ ምልክት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በኋላ የታረመ ግድፈት ነው። የስኮት ፊትዝጄራልድ «ታላቁ ጋትስቢ» በኤፕሪል 1925 በ20,870 ቅጂ ሲታተም፣ በገጽ 205 ላይ «ሲካንታየርድ» መሆን የነበረበት ቃል «ሲክ ኢን ታየርድ» ተብሎ ወጥቷል፤ በሌሎች ገጾች ያሉ ጥቂት ቃላትም በሁለተኛው ዙር ተለውጠዋል። በወረቀት ሽፋኑ ጀርባ ላይ ደግሞ የዋናው ገጸ ባሕርይ ስም በትንሹ ፊደል ተጀምሮ ስለ ታተመ፣ ስሕተቱ በአብዛኞቹ ቅጂዎች ላይ በቀለም በእጅ ታርሟል። በ1937 በ1,500 ቅጂ የወጣው የቶልኪን «ሆቢት» ሽፋንም ተመሳሳይ ታሪክ አለው፤ በውስጥ እጥፋቱ ላይ የአንድ ሰው ስም አንድ ትርፍ ፊደል ይዞ በመታተሙ፣ የአሳታሚው ሠራተኞች ፊደሏን በብዕር ሰርዘዋታል። በእነዚህ ስረዛዎች ፊት ስቆም፣ መጽሐፉ ከሱቅ ከመድረሱ በፊት በጠረጴዛ ላይ ተከምሮ፣ አንድ ሰው እያነሣ ሲያርመው ይታየኛል፤ ይህንን የሚነግረን ሌላ መዝገብ ላይኖር ይችላል።

ስለ መለያ ነጥቦች አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ግድፈት መኖሩ በራሱ ቅድሚያን አያረጋግጥም። ስሕተቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙርም ሳይታረም ሊቀጥል ይችላል፤ አልፎ አልፎም ከመጀመሪያው ዙር ያልነበረ ስሕተት፣ ፊደል ከማተሚያው ወልቆ ሲጠፋ፣ ዘግይቶ ይፈጠራል። ነጥቡ ዋጋ የሚኖረው አንድ ሰው ብዙ ቅጂዎችን አመሳክሮ፣ ስሕተቱ ከየትኛው ዙር ጋር እንደሚሄድና መቼ እንደ ቆመ ካረጋገጠ ብቻ ነው። ይህንን የምልበት ምክንያት በሽያጭ ማስታወቂያ ላይ ግድፈትን እንደ ማረጋገጫ አድርጎ ማቅረብ ስለ ተለመደ ነው።

ከሰብሳቢዎች ልማድ ሁሉ ለውጭ ተመልካች በጣም ግራ የሚያጋባው ለወረቀት ሽፋኑ የምንሰጠው ቦታ ነው። በጠንካራው ጥራዝ ላይ የሚለበሰው ይህ ተነቃይ ልባስ ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመጣ ሲሆን፣ ዓላማው መጽሐፉ እስኪሸጥ ድረስ ጥራዙን ከአቧራና ከመፋተግ መጠበቅ ነበር። ገዢው ቤቱ ሲደርስ ቀድዶ ይጥለዋል፤ ከመደርደሪያው ላይ እንዲያምርለት የሚፈልገው የተጌጠውን የጨርቅ ጥራዝ ነውና። አሳታሚዎች ሥዕሉንና ጌጡን ከጥራዙ ወደ ልባሱ ካዛወሩ በኋላም፣ በተለይም በ1920ዎቹ፣ የመጣሉ ልማድ ወዲያው አልቆመም። ዛሬ ከልባሱ ጋር የተገኘ «ታላቁ ጋትስቢ» ያለ ልባሱ ከሚሸጠው ቅጂ ከአሥር እጥፍ በላይ የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ የዋጋ ልዩነት ለአንዲት ወረቀት የተጋነነ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከእነርሱ ጋር አልስማማም። የዚያን ልባስ ሥዕል፣ በሰማያዊ ሌሊት ላይ የተንሳፈፉትን ዓይኖች የሳለው ፍራንሲስ ኩጋት ሥራውን የጀመረው ልብ ወለዱ ገና ሳያልቅ ነው፤ ፊትዝጄራልድም ሥዕሉን ካየ በኋላ በመጽሐፉ ውስጥ እንዳስገባው ለአርታኢው ጽፎለታል። ልባሱ በድርሰቱ አፈጣጠር ውስጥ ድርሻ ካለው፣ ያለ እርሱ የቀረው መጽሐፍ ከፊሉን ምስክርነት አጥቷል።

የጆርጅ ኦርዌል «የእንስሳት እርሻ» ደግሞ ሌላ ዓይነት ምስክርነት ያቀርባል። በኦገስት 1945፣ ጦርነቱ ባስከተለው የወረቀት እጥረት ውስጥ፣ በ4,500 ቅጂ ሲታተም፣ ያው አሳታሚ ለሌላ ተከታታይ መጽሐፍ አትሞ ባስቀረው ልባስ ጀርባ ላይ የታተሙ ልባሶች ነበሩት። ልባሱን ቀስ ብሎ ገልጦ ውስጡን የሚያይ ሰው የሌላውን ተከታታይ ጽሑፍ ያገኛል። የዚያን ዓመት የወረቀት ችግር በታሪክ መጽሐፍ ማንበብ ይቻላል፤ እዚህ ግን ችግሩ ራሱ በእጅ ይዳሰሳል።

ልባስ ይህን ያህል ክብደት ስላለው፣ ማጭበርበርም የሚበዛው በእርሱ ላይ ነው። አንደኛው ዘዴ የኋለኛ ዙር ልባስ ወስዶ የመጀመሪያ ዙር መጽሐፍ ላይ ማልበስ ሲሆን፣ ይህን ለመለየት በውስጥ እጥፋቱ ላይ የታተመውን ዋጋና በጀርባው የተጠቀሱትን የሐያስያን አስተያየቶች መመርመር ይጠቅማል፤ መጽሐፉ ከወጣ በኋላ የተጻፈ አስተያየት በመጀመሪያው ልባስ ላይ ሊኖር አይችልምና። ዋጋው በመቀስ ተቆርጦ ከሆነ ቅጂው ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰዎች መጽሐፍ በስጦታ ሲሰጡ ዋጋውን ይቆርጡ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ማስረጃ ጠፍቷል፤ የሚከፈለውም ዋጋ ይህንኑ ማንጸባረቅ አለበት። ሁለተኛው ዘዴ በዘመናዊ ማተሚያ የተባዛ ልባስን እንደ እውነተኛ መሸጥ ነው። በእጅ ባትሪ መልክ የሚሸጥ የአልትራቫዮሌት መብራት በዚህ ላይ በእጅጉ ይረዳል፤ ከኻያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ በወረቀት ውስጥ የሚጨመሩት ማንጪያ ኬሚካሎች በዚያ ብርሃን ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆነው ስለሚያበሩ፣ የ1920ዎቹ ነው የተባለ ልባስ እንዲያ ካበራ ሊታመን አይገባም።

ብርቅነት የዕድሜ ጉዳይ ነው የሚለው አስተሳሰብ የብዙ ጀማሪዎች እንቅፋት ነው። ሁለት መቶ ዓመት የሞላቸው፣ በብዛት የታተሙና ማንም የማይፈልጋቸው የስብከት መጻሕፍት በየቦታው ይገኛሉ፤ በ1997 የወጣው የመጀመሪያው የሃሪ ፖተር መጽሐፍ ግን በጠንካራ ሽፋን በመጀመሪያው ዙር የታተመው በ500 ቅጂ ብቻ ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ ወደ 300 የሚጠጉት ለቤተ መጻሕፍት ስለ ተሰጡ ማኅተም ተመትቶባቸው በልጆች እጅ አልቀዋል። በገጽ 53 ላይ ባለው የትምህርት ዕቃዎች ዝርዝር «አንድ በትር» የሚለው ሁለት ጊዜ የተጻፈበት ይህ ኅትመት፣ በ2021 አንድ ቅጂው በጨረታ በ471,000 የአሜሪካ ዶላር ተሽጧል። ከታተመው ብዛት ይልቅ የሚወስነው ስንቱ ተረፈ የሚለው ነው፤ የሚተርፈው ደግሞ መጽሐፉ በሰዎች ሕይወት ውስጥ በነበረው አገልግሎት ይወሰናል። በ1640 በማሳቹሴትስ የታተመው የመዝሙረ ዳዊት መጽሐፍ ወደ 1,700 ቅጂ ያህል ታትሞ ዛሬ የሚታወቁት 11 ብቻ ናቸው፤ ሰዎቹ ሲዘምሩበት አለቀ። የጄምስ ጆይስ «ዩሊሲስ» ደግሞ በ1922 ፓሪስ ውስጥ በ1,000 ቅጂ ብቻ ቢታተምም፣ ከመጀመሪያው ቁጥር ተሰጥቶት፣ 100ዎቹ በደራሲው ተፈርመው፣ ውድ ዕቃ መሆኑ ታውቆ ስለ ተሸጠ ብዙ ባለቤቶቹ ተንከባክበው አቆይተውታል።

ስለ ደራሲ ፊርማ ያለኝ አመለካከት ከብዙዎች የተለየ ነው። በአሁኑ ጊዜ ደራሲያን በባዶ ወረቀት ላይ በሺህ የሚቆጠር ፊርማ ፈርመው፣ ወረቀቱ ኋላ ከመጽሐፉ ጋር ስለሚጠረዝ፣ እንዲህ ያለው ፊርማ ደራሲው ያንን መጽሐፍ በእጁ መያዙን እንኳ አይነግረንም። ለታወቀ ሰው፣ ለወዳጅ፣ ለአርታኢ ወይም ለተቀናቃኝ በስም ተጽፎ የተሰጠ ቅጂ ግን የሁለት ሰዎችን ግንኙነት የሚያሳይ ሰነድ ነው። የማይታወቅ አንባቢ በወጣበት ዓመት በእርሳስ ያሰፈራቸው አስተያየቶችም፣ ነጋዴዎች እንደ ጉድለት ቢቆጥሯቸውም፣ ለእኔ የመጽሐፉ የመጀመሪያ አቀባበል አካል ናቸው፤ እርሳሱን በላጲስ ማጥፋት ሰነድ እንደ ማጥፋት ይቆጠራል ብዬ አምናለሁ።

መጽሐፍ ማስረጃ መሆኑን ከሁሉ በላይ ያሳየኝ የቶማስ ጄምስ ዋይዝ ታሪክ ነው። ዋይዝ በእንግሊዝ በዘመኑ ወደር ያልተገኘለት የመጻሕፍት ሰብሳቢና የመጻሕፍት ዝርዝር አዘጋጅ ነበር፤ እርሱ ትክክል ነው ያለውን የሚጠራጠር አልነበረም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የታላላቅ ገጣሚያንና ደራሲያንን ሥራዎች በትንንሽ ቡክሌቶች አሳትሞ፣ ከእውነተኛው የመጀመሪያ እትም የሚቀድም ዓመት ይጽፍባቸው ነበር። ሐሰተኛ ቅጂ የሚያዘጋጅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያመሳስለው እውነተኛ መጽሐፍ ይኖረዋል፤ ዋይዝ ግን ጨርሶ ያልነበሩ እትሞችን ፈጠረ፤ በመሆኑም ከእውነተኛው ጋር አነጻጽሮ ሊያጋልጠው የሚችል አልነበረም። ቡክሌቶቹን ለብሪቲሽ ሙዚየም ቤተ መጻሕፍት እያበረከተ፣ ራሱ በሚያዘጋጃቸው ዝርዝሮች ውስጥ እያስገባ፣ ለሰብሳቢዎች በጥቂት በጥቂቱ ይሸጥ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ የታወቀው፣ በ1847 ሬዲንግ ከተማ እንደ ታተመ የሚናገረው የኤልዛቤት ባሬት ብራውኒንግ የፍቅር ግጥሞች ቡክሌት ነው፤ ግጥሞቹ በእርግጥ የታተሙት በ1850 ነበር።

ሁለት ወጣት የመጻሕፍት ነጋዴዎች፣ ጆን ካርተርና ግራሃም ፖላርድ፣ ጥርጣሬ ያደረባቸው ከአንድ ጎደሎ ነገር የተነሣ ነው። በቡክሌቶቹ ላይ የዘመኑ አንባቢ ስም፣ የስጦታ ጽሑፍ ወይም የአሮጌ ጥራዝ ምልክት አልተገኘም፤ በደብዳቤዎችም ሆነ በዘመኑ ጽሑፎች አንድም ሰው አላነሣቸውም፤ ሁሉም እንደ አዲስ ንጹሕ ነበሩ። ከዚያ ወረቀቱን በአጉሊ መነጽር አስመረመሩ። በእንግሊዝ እስከ 1861 ድረስ የመጽሐፍ ወረቀት የሚሠራው ከጨርቅ ነበር፤ ኤስፓርቶ የተባለው ሣር ከዚያ ወዲህ፣ በኬሚካል የተቀቀለ እንጨት ደግሞ ከ1870ዎቹ ወዲህ ገባ። የ1847 ነው የተባለው ቡክሌት የእንጨት ፋይበር ተገኘበት። የፊደሉንም ቅርጽ ተከታትለው፣ ከ1880 በኋላ የተቀረጹ ፊደላትን ይዞ ወደ አንድ የታወቀ ማተሚያ ቤት የሚመራ መሆኑን አሳዩ። ግኝታቸውን በ1934 መጽሐፍ አድርገው ሲያወጡ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ዋይዝን በቀጥታ ወንጀለኛ ብለው አልጠሩትም፤ ማስረጃውን ብቻ ደርድረው ተዉት፤ ያ ግን በቂ ነበር። ዋይዝ በ1937 ሞተ። በኋላም ዴቪድ ፎክሰን የተባለ ተመራማሪ፣ ዋይዝ የራሱን ጎደሎ የቴአትር መጻሕፍት ለማሟላት ከብሪቲሽ ሙዚየም ቅጂዎች ገጾችን ሰርቆ እንደ ነበር በ1959 ባሳተመው ጥናት አሳየ። ከዚህ ታሪክ የወሰድኩት ልማድ፣ በጣም ንጹሕ የሆነና የቀድሞ ባለቤቶቹን ዱካ ያልያዘ አሮጌ መጽሐፍ ሲቀርብልኝ፣ ከደስታ በፊት ወረቀቱንና ፊደሉን መጠየቅ ነው።

አጠባበቅን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ የተሠራ ወረቀት ብዙው አሲድ ስላለበት ራሱን በራሱ ይበላል፤ ሙቀት፣ እርጥበትና ብርሃን ያፋጥኑታል። መጽሐፉን ከፀሐይ ማራቅ፣ አየሩ እጅግ እንዳይረጥብም እንዳይደርቅም መጠበቅ፣ ልባሱን በጠራ ፖሊስተር መሸፈን፣ ቀጥ አድርጎ ሳይጠብቅና ሳይላላ ማቆም በቂ ነው። የጥራዙ ጀርባ ቀለም ከፀሐይ የተነሣ ከለቀቀ አይመለስም። ለተቀደደ ልባስ ፕላስተር መለጠፍ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ቡናማ እድፍ ይተዋል፤ ጠግኖ ሳይናገር የሚሸጥ ሰውም ማስረጃውን አበላሽቷል።

ሀብት የሌለው ሰብሳቢ ምን ማድረግ ይችላል የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ያሳስበኛል። ባለጸጋው ሄንሪ ክሌይ ፎልገር የሼክስፒርን ተውኔቶች የያዘውን የ1623 ትልቅ ጥራዝ ደጋግሞ ገዝቶ 82 ቅጂ አከማቸ፤ በዓለም ከሚታወቁት ወደ 235 ከሚጠጉ ቅጂዎች ከሦስተኛው እጅ በላይ ማለት ነው። ያው መጽሐፍ ይህን ያህል ጊዜ መገዛቱ በቀላሉ የሀብታም ስስት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ቻርልተን ሂንማን የተባለ ምሁር፣ የሁለት ቅጂዎችን ገጽ በመስተዋትና በመብራት እያደራረበ ልዩነታቸው ዓይን ላይ ብልጭ እንዲል የሚያደርግ መሣሪያ ሠርቶ፣ በዚያ ስብስብ ያሉ ብዙ ቅጂዎችን ገጽ በገጽ አመሳከረ። በ1963 ባወጣው ጥናቱም እርማቱ ማተሚያው እየሠራ ሳለ ይደረግ እንደ ነበርና በሥራው ላይ ስንት ፊደል ለቃሚዎች እንደ ነበሩ ለይቶ አሳየ። ቅጂዎቹ በአንድ ጣሪያ ሥር ባይሰበሰቡ ኖሮ ይህ ሥራ ሊሠራ አይችልም ነበር።

ይህ ዘዴ ለትንሽ ስብስብም ይሠራል። ዝነኛ ያልሆኑ፣ ሥራዎቻቸው በየትኛው ዙር እንዴት እንደ ተለወጠ ማንም ያልመዘገበላቸው ደራሲያን በየቋንቋው ብዙ ናቸው። አንድ እንዲህ ያለ ደራሲን መርጦ የመጀመሪያውን እትም ብቻ ሳይሆን የተከተሉትን ዙሮች ሁሉ መሰብሰብ፣ ልባሳቸውን፣ ዋጋቸውን፣ ግድፈታቸውንና ወረቀታቸውን በመዝገብ ላይ ማስፈር፣ ከማን እንደ ተገዙም መጻፍ፣ ከፍተኛ ዋጋ የተለጠፈበትን አንድ መጽሐፍ ከመግዛት ያነሰ ገንዘብና የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔም ባለፉት ጊዜያት ወደዚህ አቅጣጫ እያዘነበልኩ መጥቻለሁ። ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ኅትመቶች ዋጋቸው ዝቅተኛ ነው፤ ፈላጊ ስለሌላቸው ግን ልባሳቸው ተቀድዶ፣ አንዳንድ ጊዜም መጽሐፉ ራሱ ተጥሎ ያልቃል፤ ደራሲው በስንተኛው ዙር ላይ የትኛውን ቃል እንደ ለወጠ የሚያሳየው ብቸኛ ቅጂ ከእነዚያ መካከል ሊሆን ይችላል።